ጓሳ ሲዘጋ ምን ይባላል?

ፍትሕ ሰዎች የተስማሙበት ነገር ነው እንጂ ሌላ አይደለም የሚል ሰው ከገጠመኝ፣ የምጠይቀው ስለ መንዝ ጓሳ ነው። ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ የተዘረጋውን፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የሣር ምድር ለዘመናት ያቆየው የቄሮ ሥርዓት ነው። የአካባቢው ሰው ጅማሬውን ወደ 17ኛው መቶ ዘመን፣ ወደ አቅኚ አባቶቹ ወደ አስቦና ጌራ ይመልሰዋል። የሁለቱ ዘሮች የሆኑት ባለመብቶች አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር፤ እሱም ጓሳውን ይዘጋ፣ ያስጠብቅ፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፍት ነበር። አንዳንዴ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። የቤቱ ክዳን፣ ገመዱ፣ የዝናብ ገሳው ሁሉ ከዚያው ሣር ለሚወጣለት ሰው ይህ ቀላል ትዕግሥት አይደለም።

ሕጉ በርግጥ ሰው ያወጣው ነው። ግን ከጓሳ ደጃፍ የሚመልሳቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ባለመብት ሆኖ ሳለ በተዘጋ ወቅት ከብቱን ነድቶ የመጣ ነው። «ሣሩ ገና አልደረሰም፤ የእኔም ላም አልገባችም» ሲሉት ይከፋው ይሆናል እንጂ የሚመልሰው የለውም። ሌላው ከአስቦም ከጌራም የማይወለድ ጎረቤት ነው። ለእሱ የሚባለው «አያትህ እነሱ አይደሉም» ብቻ ነው። አያቱን ደግሞ የመረጠ ሰው የለም።

የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ሁለቱን ክልከላዎች ሳይለይ ጠራረጋቸው። የትውልድ ቆጠራው ቀረ፤ እሰየው። ጓሳን የሚዘጋም አብሮ ጠፋና ሣሩ ተጎዳ።

በፕላቶ መጽሐፍ ውስጥ ትራሲማኮስ የሚባል ተከራካሪ፣ ፍትሕ ማለት የኃይለኛው ጥቅም ነው ብሎ ይሟገታል። በትውልድ ቆጠራው ነገር እጄን እሰጠዋለሁ። በሣሩ ግን አልሸነፍለትም፤ ሣር የትኛውም ሹም ቢያዝዘው ቶሎ አያድግም። እንግዲህ መለኪያዬ ምክንያቱ ለተከለከለው ሰው ይነገረው የሚል ነው። ይህስ የሰው ፈጠራ አይደለም ወይ? ይሁን። ነገር ግን እሱ ራሱ ሲመለስ ምክንያት የማይጠይቅ ሰው እስኪያሳዩኝ ድረስ፣ ከስምምነት ያለፈ ነገር አለበት እላለሁ።

ዛሬ ጓሳ በክልሉ ሕግ ታውቆ በማኅበረሰቡ የሚተዳደር ጥብቅ ስፍራ ነው። ደንቡን የምታወጡ ሽማግሌዎችና የኮሚቴ አባላት፣ ከመዝጋታችሁ በፊት መሬትም ላምም የሌለውን ወጣት ጥሩትና ምክንያቱን ፊት ለፊት ንገሩት። የምትሉት ካጣችሁ ደንቡን እንደገና ጻፉት።