ሄቪ ሜታልና ክርስቲያናዊ ሚዛን፦ በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. የወጡ ሦስት አልበሞች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ በጎንደር ፒያሳ በምታልፉበት ጊዜ ከየሱቁ የሚሰማችሁ የአገራችን ዘፈን ነው። በወጣቶች ጆሮ ውስጥ ግን በስልክ አማካይነት የዓለም ድምፅ ሁሉ ገብቷል፤ ከእነዚህም አንዱ ሄቪ ሜታል የሚባለው ሙዚቃ ነው። ስለዚህ ሙዚቃ ጥያቄ ሲነሣ ብዙዎቻችን ፈጥነን የምንሰጠው መልስ «የሰይጣን ሙዚቃ ነው» የሚል ነው። መልሱ ለተናጋሪው ይቀላል፤ ለጠያቂው ግን ትምህርት አይሆነውም። ጠያቂው ወይ በስውር መስማቱን ይቀጥላል፣ ወይ ከጉባኤው ቀስ በቀስ ይርቃል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የተሰሎንቄ ምእመናን ሁሉን እንዲመረምሩና መልካሙን አጽንተው እንዲይዙ አስተምሯል (1ኛ ተሰ. 5፥21)። ለመመርመር ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ወር ውስጥ የወጡ ሦስት የታወቁ አልበሞችን እንመልከት። ወሩ ሚያዝያ 1972 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አፕሪል 1980 ነው። በእኛ ዘንድ ትንሣኤ መጋቢት 28 ቀን ተከብሮ በዓለ ኀምሳ የገባበት ወቅት ነበር።

ከአልበሞቹ በፊት ስለ ሙዚቃው አጀማመር ጥቂት እንበል። ቶኒ አዮሚ የተባለው የበርሚንግሃም ወጣት በ17 ዓመቱ በብረት ፋብሪካ ሲሠራ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ አጣ። እርሱ ግን ለጣቶቹ ከፕላስቲክ ቆብ ሠርቶ ጊታር መምታቱን ቀጠለ፤ በኋላም የጊታሩን ክሮች አላልቶ ስለ ቃኛቸው ድምፁ ወፍራምና ከባድ ሆነ። የእርሱ ቡድን ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ከዚህ ድምፅ ክብደት በስተጀርባ የፋብሪካ ሕይወትና የአንድ ሠራተኛ ቁስል እንዳለ ልብ በሉ።

የመጀመሪያው አልበም ሚያዝያ 6 ቀን የወጣው የጁዳስ ፕሪስት «ብሪቲሽ ስቲል» ነው። እንግሊዝ ከታላቅ የብረት ሠራተኞች አድማ ገና መውጣቷ ነበር። ሙዚቀኞቹ የብረት ድምፅ ለማግኘት ማንኪያና ሹካ የሞላበትን ሳጥን ሳይቀር እያንቀጫቀጩ ቀድተዋል። ዘፈኖቹ አጫጭርና የተስተካከሉ ናቸው። ከሁሉ የታወቀው ሥራ አጥቶ ተስፋ የቆረጠ፣ በመጨረሻም ሕግን ለመጣስ የተነሣ ወጣት ታሪክ ነው። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የእኛም ወጣት ያውቀዋል። የቀረበው መውጫ ግን ለማንም አይበጅም።

ሁለተኛው በዚያው ቀን የወጣው የለንደኑ ቡድን የአይረን ሜይደን የመጀመሪያ አልበም ነው። በሙዚቃ ችሎታ ከሦስቱ እጅግ የሚያስደንቀው ይህ ይመስለኛል። ከፈረንሳዊው ጋስቶን ለሩ ልብ ወለድ የተነሣው ከሰባት ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ዘፈን በውስጡ ይገኛል። ከዚሁ ጋር ስለ አንዲት ዝሙት አዳሪ የሚያወራ ዘፈንም አለበት። የሽፋኑ አስፈሪ ምስል ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ እኔ ግን ከምስሉ ይልቅ ኅሊናን በዜማ እያባበለ የሚገባውን ቃል እፈራለሁ።

ሦስተኛው የብላክ ሳባዝ «ሄቨን ኤንድ ሄል» ሲሆን፣ ትርጉሙ መንግሥተ ሰማያትና ሲኦል ማለት ነው። አዲሱ ዘፋኝ ሮኒ ጄምስ ዲዮ የተሰማበት የመጀመሪያ የቡድኑ አልበም ነው። በሽፋኑ ላይ መላእክት ሲጋራ እያጨሱ ካርታ ሲጫወቱ ተሥለዋል። ከፒያሳ ብዙም ሳትርቁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና በሉ፤ ጣሪያውን የሞሉት ክንፋም መላእክት ዐይኖቻቸውን ገልጠው ይመለከቷችኋል። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ዲያብሎስም በእሳት መካከል ተሥሏል። የዲያብሎስ መሣል ብቻውን የሚያስኰንን ቢሆን አባቶቻችን ባልሣሉት ነበር። እነርሱ የሣሉት ያየው ሰው እንዲሸሽና ንስሓ እንዲገባ ነው። ስለዚህ «በሥዕሉ ውስጥ ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ወዴት ይመራኛል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የሚያጨሱት መላእክት ቅዱሱን ነገር ወደ ቀልድ ይመራሉ፤ ቅዱሱን በቀልድ ማየት የለመደ ዐይን ደግሞ በቅዳሴ ጊዜ መንቀጥቀጥን ይረሳል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ለምታደምጡት ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች ይኑሯችሁ። ቃሉ ምን ይላል? ከሰማሁት በኋላ ልቤ በምን ይሞላል? ከጸሎት፣ ከጾምና ከትምህርት ሰዓቴ ምን ያህል ይወስድብኛል? የእንግሊዝኛውን ግጥም ሳይረዱ ከንፈርን ማንቀሳቀስ ለተማረ ሰው አይገባም። ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ኤርታሌ» የሮክን ጊታር ከአገራችን ቅኝት ጋር አዋሕዷል፤ ሚዛኑ ለአማርኛውም ዘፈን ያው ነው።

ለምናስተምር አገልጋዮችም አንድ ነገር ልበል። በ1990 እ.ኤ.አ. ጁዳስ ፕሪስት በአሜሪካ ሬኖ ከተማ ተከሶ ነበር፤ በአንድ ዘፈኑ ውስጥ የደበቀው ስውር ትእዛዝ ሁለት ወጣቶችን ራሳቸውን ወደ ማጥፋት ገፋፍቷል ተብሎ ነው። ዳኛው ለቡድኑ ፈረደ። ያልተረጋገጠ ወሬ ይዘን ስናስተምር፣ ወጣቱ ወሬው ሐሰት መሆኑን ያገኘ ዕለት እውነተኛውንም ትምህርታችንን ይጠራጠራል። ጥቁር ልብስ የለበሰውን ወንድማችንን በልብሱ ከመፍረድ ይልቅ አጠገቡ ተቀምጠን «ምን አሳዘነህ?» እንበለው። ከዚህ ሙዚቃ ጋር ያገናኘው ብቸኝነት ሊሆን ይችላልና።

ድምፅ በመክበዱ ብቻ ክፉ አይሆንም፤ በጥምቀት ዕለት የከበሮውን ነጐድጓድ የሰማ ይህን ያውቃል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግን ሥርዓት አለው፤ ከቁም ዜማ ተነሥቶ በዝማሜና በመረግድ አልፎ ወደ ጽፋት ይደርሳል። ከበሮው በግራና በቀኝ ሲመታ የጌታን ሕማም ያስታውሰናል፤ ደስታችንም ከመስቀሉ አይለይም። ስለዚህ የዓለሙ ሙዚቃ በመጠን ቢሰማ እንኳ ወደ መዝሙራችንና ወደ አገልግሎታችን አይግባ፤ በጾም ወራትም ስልካችን ከእኛ ጋር ይጹም። አንድን ድምፅ ከልብ ለማስወጣት የተሻለውን ድምፅ ማስገባት ይገባል። ከሳምንቱ አንድ ምሽት ለይታችሁ ማኅሌት ቁሙ፤ ያን ጊዜ የትኛው ድምፅ ነፍሳችሁን እንደሚያሳርፍ ራሳችሁ ትመሰክራላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።