የነሐሴው አደባባይና የቲያትሩ መድረክ



ነሐሴ 16 ቀን ሰቆጣ ከተማን ያያት ሰው አይረሳትም። ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ የዋግ ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ የሻደዩን ቅጠል በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ አደባባዩን ይሞሉታል። እናት ከተቸገረችውም ላይ ቆጥባ ለልጇ ቀሚስ ታሰፋለች፤ ልጇ ስትዘፍንና ስትጨፍር እያየች «የኔ ልጅ!» ትላለች።

ያቺው ልጅ መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ስትመለስ «እማዬ፣ ድራማ ክበብ ልገባ ነው» ያለች እንደሆነስ? «ምነው ልጄ፣ አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» የሚል መልስ ይጠብቃታል። ይህ ቃል በሰቆጣ ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም የብዙዋን ልጅ ተስፋ አጨልሟል።

በዘመናዊው ቲያትራችን መድረክ በተዋናይነት ቀድመው የቆሙት ሴት አርቲስት አስናቀች ወርቁ ናቸው። ከእርሳቸው በፊት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገርም እስከ 1660 እ.ኤ.አ. ድረስ በሕዝብ ቲያትር ቤት ጁልየትን ሆኖ የሚጫወተው ወንድ ልጅ ነበር።

አስናቀች እናታቸውን በልጅነታቸው ያጡ የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው። ክራር የሰይጣን መሣሪያ ነው በሚባልበት አገር ክራርን በራሳቸው ጥረት ተማሩ። በ1948 ዓ.ም. ተመርቆ በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር በምንለው ቤት ለረጅም ዓመታት ሠሩ። በ2003 እ.ኤ.አ. የክራር ዜማዎቻቸው «ኢትዮጲክስ» በተባለው የፈረንሳይ አልበም 16ኛ ቅጽ ሆነው ወጡ። መስከረም 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው። «አዝማሪ» ሲል የኖረው አፍ «የኪነ ጥበብ እናት» አለ። ምስጋናው በሕይወት ሳሉ ቢበዛ ምን ነበረበት?

እርሳቸው በከፈቱት በር ሌሎች ገብተዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. በታየው «ድፍረት» ፊልም ሜሮን ጌትነት ለተጠለፈች ልጃገረድ የምትሟገት ጠበቃ ሆና ተጫውታለች። የጠለፋ በደል በየቤቱ በሹክሹክታ ሲነገር የኖረ ጉዳይ ነው፤ ተዋናይዋ ግን በአደባባይ እንዲሰማ አደረገችው። ይህ ሥራ እንዴት ነውር ይሆናል?

እህቶቼ፣ የእናት ሥጋት ከንቱ ነው አልልም። ሥጋቱን ግን ወደ ጥያቄ እንለውጠው። ልምምዱ ስንት ሰዓት ያልቃል? መምህሩ ማን ነው? ከማን ጋር ወደ ቤት ትመለሳለች? ትምህርቷስ? መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ልጃችሁ መድረክ ላይ በወጣችበት ቀን ከፊት ወንበር ተቀመጡላት። ለነሐሴው አደባባይ ቀሚስ ያሰፋች እናት፣ ለመድረኩ ምርቃቷን አትንፈጋት።