«ምን ይጠቅመናል?» ለሚሉን

«ሕዝቡ ዳቦና መድኃኒት ሲያጣ እናንተ ስለ ሕዋስ ፕሮቲን ትጨነቃላችሁ» የሚል ወቀሳ በሳይንስ ተማሪዎች ላይ ሲሰነዘር እንሰማለን። ወቀሳው ከአገር ፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ እናከብረዋለን፤ ነገር ግን አንቀበለውም።

መርጡለ ማርያምን የሚያውቅ ሁሉ የብራና መጽሐፍ በማኅደር ገብቶ በዕቃ ቤት እንደሚጠበቅ ያውቃል። ማኅደሩ ጠባቂው ነው፤ ዳሩ ግን አንድ ቅጠል የተቀደደ እንደ ሆነ መጽሐፉ ከማኅደሩ ሳይወጣ ሊሰፋ አይችልም። የሕዋሳችንም ነገር እንዲሁ ነው። በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይኸውም ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ተቀምጧል። የደጋው ፀሐይ ክሩን በጐዳው ጊዜ ጠጋኞቹ ከቍስሉ ዘንድ ይደርሱ ዘንድ ጥምጥሙ መላላት አለበት።

እዚህ ላይ የጭንቅ ፕሮቲኖች ይገባሉ። እነዚህም ሕዋስ በሙቀት ወይም በመርዝ ሲጨነቅ የሚበዙ ናቸው። ፌሩቺዮ ሪቶሳ የተባለ ኢጣሊያዊ የፍራፍሬ ዝንብ ሕዋሳት ከልክ በላይ ሲሞቁ ክሮሞሶማቸው በአንዳንድ ስፍራ እንደሚያብጥ አይቶ በ1962 እ.ኤ.አ. አሳተመ። አስቀድሞ ግን አንድ መጽሔት «ለሥነ ሕይወት አይጠቅምም» ብሎ ጽሑፉን መልሶበት ነበር! ዛሬ በእርሾ ላይ በተደረገ ጥናት እንደ ታወቀው፥ ኤች ኤስ ፒ 90 የተባለው የጭንቅ ፕሮቲን ጥምጥሙን የሚያላላውን መሣሪያ ከአንድ ስፍራ ተጣብቆ እንዳይቀር ያላቅቀዋል። ስለዚህ ጥቂቶቹ መሣሪያዎች ተዘዋውረው ለብዙ ሥራ ይበቃሉ።

ይህ ከሕዝቡ ችግር የራቀ ነውን? የጨረር ሕክምና ካንሰርን የሚገድለው ዲ ኤን ኤውን በመበጣጠስ ነው። ራሱን ፈጥኖ የሚጠግን ካንሰር ግን ያመልጣል፤ እኛን የሚረዳው ፕሮቲን ለርሱም ይረዳዋልና። በቤተ ሙከራ እንደ ታየው ኤች ኤስ ፒ 90 ሲታገድ የካንሰር ሕዋሳት በጨረር ፊት ይደክማሉ። በአገራችን ይህ ሕክምና ለብዙ ዓመታት የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ የመርጡለ ማርያም ሕመምተኛ ዓባይን ተሻግሮ ተራ መጠበቅ ነበረበት። መኪናው ጥቂት፥ ወረፋው ብዙ በሆነበት አገር እያንዳንዱ ጨረር ግቡን መምታቱ ቅንጦት አይደለም።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ የፕሮቲኖችን ስም ለፈተና ሸምድደን ከፈተና በኋላ መርሳት ይብቃን። እርሾ በየቤታችን አለ፤ ርካሽ ነው። በእርሱ የምንመራመርበት ቤተ ሙከራ እንዲሰጠን በአንድ ድምፅ እንጠይቅ። «ምን ይጠቅማል» የሚለው ጥያቄ የሚገባው ሥራው ከተጀመረ በኋላ እንጂ ሥራውን ለመከልከል አይደለም።