ስለ ዝናም አስቀድሞ ማወቅና ስለ ጎረቤት አገሮች ምክር

የምስር ሰዎች የዓባይን ውሃ ከፍታ በክንድ እየለኩ ይጽፉ እንደ ነበር የታሪክ ሊቃውንት ያውቁታል። በካይሮ በሮዳ ደሴት ላይ በ861 ዓ/ም የተሠራው የመለኪያ ዓምድ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ውሃው 16 ክንድ ሲደርስ ምድሪቱ ትጠግባለች ተብሎ ሙሉ ግብር ይጣል ነበር፤ ከዚያ ቢያንስ ግን ሹሙም ገበሬውም የሚመጣውን ችግር ያውቁት ነበር። መለኪያን የፍርድና የግብር መሠረት ያደረገ ሥርዓት ስለ ሆነ ሊደነቅ ይገባዋል። ሆኖም አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ይኸውም ውሃው የሚለካው ከደረሰ በኋላ መሆኑ ነው። በምስር ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ ከመቶ 85 እጅ የሚያህለው የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ተራሮች ሆኖ ሳለ፣ በጎጃምና በቤጌምድር ክረምቱ እንዴት እንደ ሰነበተ ለምስር ሹም ሊነግረው የሚችል፣ ከውሃው የሚፈጥን መልእክተኛ አልነበረም።

ዛሬ መልእክተኛው ተገኝቷል። የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት በ1984 ዓ/ም ከደረሰው ታላቅ ረኃብ በኋላ፣ ድርቅን በኅብረት ለመከላከል በ1986 ዓ/ም ዛሬ ኢጋድ የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1989 ዓ/ም ደግሞ የድርቅን ነገር የሚከታተል መሥሪያ ቤት በናይሮቢ ተከፈተ፤ እርሱም በኋላ ከኢጋድ ጋራ ተዋሕዶ ኢክፓክ በሚል ስም ይጠራል። ይህ መሥሪያ ቤት ለ11 አገሮች ያገለግላል። ከ1998 ዓ/ም ጀምሮ የየአገሩ የአየር ጠባይ ሊቃውንት በየዓመቱ ሦስት ጊዜ፣ ማለት ከየዝናሙ ወራት አስቀድሞ፣ እየተሰበሰቡ ስለሚመጣው ዝናም ይመክራሉ፤ የተስማሙበትንም በካርታ ሥለው ለየመንግሥታቱ ይሰጣሉ።

ዕውቀታቸው ከከዋክብት ቈጠራ የመጣ አይደለም፤ ከባሕር ሙቀት ነው እንጂ። ከፔሩ ጠረፍ ጀምሮ ያለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ውሃ ከልማዱ አልፎ ሲሞቅ ኤል ኒኞ ይሉታል። ይህ በሆነ ጊዜ በኢትዮጵያ ደጋ የክረምቱ ዝናም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በ2015 ዓ/ም የሆነው ይህ ነው፤ በዚያ ዓመት መጨረሻ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነግሯል። ያው ኤል ኒኞ ግን በበጋው መግቢያ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ለቦረናና ለሶማሌ ቆላ፣ ለኬንያም ከልክ ያለፈ ዝናም ያመጣል፤ ይልቁንም የሕንድ ውቅያኖስ በምዕራብ በኩል ሞቆ በምሥራቅ በኩል የቀዘቀዘ እንደ ሆነ። እንግዲህ አንድ ምክንያት ለወሎ ገበሬ ድርቅ፣ ለዋቢ ሸበሌ ዳር ነዋሪ ጎርፍ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ «ዘንድሮ ኤል ኒኞ ነው» የሚል ወሬ ብቻ ሰምቶ ለአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ሹም፣ እኩሌታውን ሕዝብ ያሳስታል። በነሐሴ 2023 ዓ/ም የተሰበሰቡት ሊቃውንት የጥቅምቱ ዝናም ከልማዱ እንደሚበዛ አስታውቀው ነበር፤ ዝናሙም እንደ ተባለው በዝቶ በሶማልያ፣ በኬንያና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ታላቅ ጎርፍ ሆነ።

ማወቅ ግን ማድረግ አይደለም። በ2010 ዓ/ም መጨረሻ ዝናሙ እንደሚቀር ሊቃውንቱ አስቀድመው ተናግረው ነበር። በዚያ ወራት ቀረ፤ በሚቀጥለውም የበልግ ወራት ቀረ። ረኃብ መግባቱ በይፋ የታወጀው ግን በሐምሌ 2011 ዓ/ም ነው፤ ገንዘቡም በብዛት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በደቡብና በመካከለኛው ሶማልያ 258 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ፣ ከእነርሱም እኩሌታው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንደ ነበሩ በኋላ ተመርምሮ ታውቋል። ጦርነትና የመንገድ መዘጋት ጥፋቱን እንዳባሱት አይካድም። ቢሆንም የዕርዳታው ከረጢት የተፈታው ትንቢቱ ሲነገር ሳይሆን የሕፃናቱ ሥዕል በጋዜጣ ሲታይ ነበር። ከ2020 እስከ 2022 ዓ/ም ደግሞ አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ቀሩ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ርዝመት አልታየም ነበር። በ2022 ዓ/ም ብቻ በሶማልያ 43 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል፤ ይህም ብዙ ነው። ነገር ግን ድርቁ ከ2011ዱ እጅግ የረዘመ ሲሆን ዕርዳታው ቀድሞ ስለ ደረሰ፣ ተፈርቶ የነበረው የረኃብ ዐዋጅ ሳይታወጅ አልፏል። የዓለም ሙቀት መጨመር እንደዚህ ያለውን ድርቅ ቢያንስ 100 እጥፍ ያህል ሊደርስ የሚችል እንዳደረገው ሊቃውንት በ2023 ዓ/ም ስለ ገለጹ፣ ነገሩ ተመልሶ እንደሚመጣ መጠራጠር አይገባም።

ሹማምንቱን ከሥራ የሚያግዳቸው ምንድር ነው? አንደኛው የነገሩ አነጋገር ነው። ሊቃውንቱ «ይዘንማል» ወይም «አይዘንምም» አይሉም፤ «ከልማድ በታች የመሆኑ ዕድል ከመቶ 60 ነው» ይላሉ። ሹሙ ይህን ሰምቶ፣ አርባው እጅ ቢሆንስ፣ ገንዘቡን በከንቱ አወጣ ብባልስ ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በብዙ መሥሪያ ቤት ያለ ጊዜው ያወጣ ይጠየቃል እንጂ ዘግይቶ ያወጣ አይጠየቅምና። ይህን የሚያድን አንድ መንገድ አለ። ትንቢቱ ይህን ያህል ሲደርስ ይህን ያህል ገንዘብ ይለቀቅ፣ እገሌ የተባለው ሥራ ይጀመር ተብሎ አስቀድሞ በጽሑፍ ቢደነገግ፣ ዝናሙ በኋላ ቢመጣም ሹሙ ደንብ ፈጸመ እንጂ ገንዘብ አባከነ አይባልም። በከንቱ የወጣ የከብት መኖ በመጋዘን ይቀመጣል፤ በጊዜው ያልወጣ ግን ለሬሳ ይደርሳል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ሥራ በ2006 ዓ/ም በሞያሌ ተደርጓል። በድርቁ ጊዜ ከብቶቹ ገና በእግራቸው ሳሉ ነጋዴዎች ወደ ሥፍራው እንዲሄዱ ተረድተው 20 ሺህ ያህል ከብት ገዙ፤ ዋጋውም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ነበር። አርብቶ አደሩ በገንዘቡ ለቤተ ሰቡ እህል፣ ለቀሩት ከብቶቹ መኖ ገዛ። ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ ያ ሁሉ ሀብት የጅብ ሲሳይ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የወንዞቹ ነው። ዋቢ ሸበሌና ገናሌ ከባሌና ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሲዳሞ ደጋ ተነሥተው ወደ ሶማልያ ይወርዳሉ፤ በሶማልያ ምድር የሚጨመርላቸው ውሃ ጥቂት ነው። በግንቦት 2023 ዓ/ም በለድወይን የተባለችው ከተማ በዋቢ ሸበሌ ጎርፍ ተጥለቅልቃ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል፤ ውሃው ግን በኢትዮጵያ ደጋ የዘነበ ነበር። እንዲህ ያለው ጎርፍ ከደጋ ተነሥቶ ከተማይቱ እስኪደርስ ቀኖች ይፈጃል፤ በላይ ያለው የወንዝ መለኪያ ቍጥር ግን በቅጽበት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ሚሥጢር ማድረግ ለማንም አይጠቅምም። የወንዝ ውሃ ክፍፍል የመንግሥታት ክርክር ሊሆን ይችላል፤ ጎርፍ መጣ ብሎ ጎረቤትን መቀስቀስ ግን ከክርክር የሚገባ አይደለም። በ2019 እና በ2020 ዓ/ም የበረሃ አንበጣ ከየመንና ከሶማልያ ተነሥቶ ኢትዮጵያንና ኬንያን በወረረ ጊዜም እንዲሁ፣ የአንዱ አገር ወሬ የሌላው መድኃኒት ነበር።

የናይሮቢው ካርታ እስከ አውራ ከተሞች ቢደርስም ወደ ገበሬው የሚወስደው መንገድ ገና ጠባብ ነው። በምዕራብ ኬንያ ዝናምን በምልክት በማወቅ የታወቁት የንጋኒ ጎሣ ሽማግሌዎችና የመሣሪያ ሊቃውንት ተገናኝተው፣ የሽማግሌዎቹን ምልክትና የመሣሪያውን ቍጥር አስተያይተው ለሕዝቡ በገዛ ቋንቋው እንዲናገሩ ተደርጓል። ሽማግሌው የተቀበለውን ሕዝቡም ተቀበለው። በኢትዮጵያም ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ፣ ሰንበትና በዓል የሚሰበስበው ሕዝብ ያለው ካህን በየደብሩ አለ። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ላይ የከብት ክትባትና የግብር ቀን ይነገራል፤ የዝናሙ ነገር የማይነገርበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ለደብሩ አለቃ የሚላከው ወረቀት በቍጥርና በካርታ የተሞላ ሳይሆን፣ በዚህ ወረዳ ዝናሙ ዘግይቶ ሊገባ ይችላል፣ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ያዙ፣ ደካማውን ከብት በጊዜ ሽጡ የሚል ሊሆን ይገባዋል። ይህንንም ጽፎ በየወረዳው የማድረሱ ኀላፊነት ለአየር ጠባይ መሥሪያ ቤትና ለእርሻ ሹማምንት በአንድነት ቢሰጥ፣ የሚቀጥለው የናይሮቢ ጉባኤ ከመሰብሰቡ በፊት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።