«ዛሬ በታሪክ» ይቅር ለምትሉን

ባለፈው የኅብረታችን ስብሰባ አንድ ሐሳብ ቀርቦ እንደ ነበረ የተገኛችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። የዚህ መጽሔት የዜና ገጽ እንዲሰፋ፣ ከጎኑ ያለው «ዛሬ በታሪክ» የተባለው ዓምድ ግን እንዲቀር ነበር ሐሳቡ። ሁለት ምክንያት ተሰጠ፤ አንደኛው ወረቀትና የማባዣ ቀለም ተወዷል የሚል፣ ሁለተኛው ታሪክ በተማሪ መካከል ጠብ ያመጣል የሚል። ስለ ቀለሙ አንከራከርም፤ ዋጋውን ገንዘብ ያዡ ያውቀዋል። በሁለተኛው ግን ባለመስማማታችን በዚያው ስብሰባ «ወግ አጥባቂዎች» ተብለናል። ስሙን አንጠላውም። የሚጠበቅ ነገር ያለው ሰው ቢጠብቅ ምን ነውር አለበት?

ዜናና ታሪክ በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ይታተሙ ማለታችን ለጌጥ አይደለም። ዜና ብቻውን ሲነበብ ነገር ሁሉ ትናንት ማታ የተጀመረ ይመስላል። በ2015 ዓ.ም የካቲት 23 ቀን በአዲስ አበባ፣ በምኒልክ አደባባይና በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ዓድዋን ለማክበር የወጣ ሕዝብ በአስለቃሽ ጭስ ተበትኖ ነበር። በማግሥቱ ወሬው ሁሉ ማን አዘዘ፣ ማን ተኮሰ የሚል ሆነ። ይህ መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሌላ ሰፊ አደባባይ ተዘጋጅቶ ሳለ ያ ሕዝብ ስለ ምን ወደ ጊዮርጊስ ደጅ እንደ ወጣ የሚገባው፣ ጦርነቱ የተደረገው ወር በገባ በ23፣ በጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን፣ የምኒልክም ሐውልት በጥቅምት 1923 ዓ.ም እዚያው መቆሙን ለሚያውቅ አንባቢ ብቻ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም እዚያው ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲመረቅ የተነሣው ክርክርም ያለዚህ ታሪክ አይነበብም።

ይሁን እንጂ ተቃዋሚዎቻችን ያላነሡትን ነቀፋ እኛው እናንሣላቸው። በየቦታው የሚወጣው «ዛሬ በታሪክ» አብዛኛው ከውጭ አገር ዝርዝር የተቀዳ ነው። ቀኑ የፈረንጅ ነው፤ ዐይኑም የፈረንጅ ነው። ከቀኑ እንጀምር። በእነዚያ ዝርዝሮች ውስጥ ዓድዋ በማርች 1 ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ እኛ ግን በዓሉን የምናከብረው በማርች 2 ነው። ታዲያ በየመኝታ ክፍሉ አንዱ «ፈረንጆቹ ተሳስተዋል» ይላል፤ ሌላው «እኛ አንድ ቀን ዘግይተናል» ብሎ ይሟገታል። የተሳሳተ የለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በዚያን ጊዜ ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ነበረ። በ1900 እ.ኤ.አ. ግን ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪን በ28 ቀን ዘጉት፤ መቶ የሚሞላ ዓመታቸው ለ400 ካልተካፈለ ቀን አይጨምሩለትምና። የእኛ ዘመን አቈጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ማድረጉን አልተወም። በመካከላችን ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ፤ ከዚያ ወዲህም የካቲት 23 በማርች 2 ይውላል። በ2100 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ ቀን ይገፋና ወደ ማርች 3 ይሄዳል። እንግዲህ በራሱ ቀን መቍጠሪያ የጻፈ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ አይደርስበትም። የካቲት 23 ሁልጊዜ የካቲት 23 ነው።

ዐይኑስ? ኖቬምበር 4 ቀን ሲደርስ ዝርዝሩ «በዚህ ቀን በ1770 ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ አገኘ» ይለናል። ግሽ ዓባይ ከዚህ ሩቅ አይደለችም። ብሩስ ከመምጣቱ 152 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1618 እ.ኤ.አ.፣ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ምንጩን አይቶ ጽፎ ነበር። ከፓኤዝም በፊት የአገው ሕዝብ ምንጩን እንደ ቅዱስ ነገር ሲያከብረው ኖሯል፤ ይህንንም ብሩስ ራሱ በመጽሐፉ መዝግቦታል። አገሬው ሲጠጣው የኖረውን ውሃ «ተገኘ» ብሎ ለአገሬው ልጅ መልሶ ማስነበብ ምን ይባላል? ዝርዝሩን ሳያኝክ የዋጠ አዘጋጅ አንድ ቃል ብቻ ሳይሆን አንድ አስተያየት ዋጠ።

ለራሳችን ስናዳላም ዝም ማለት አይገባም። ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ ያለችውን ዘንገናን ከእናንተ መካከል ያላየ ጥቂት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደብተር ይዞ ወርዶ ሳያነብ የተመለሰ ግን ብዙ ነው። ስለ እርስዋ «በኢትዮጵያ አንደኛ ጥልቅ ሐይቅ» የሚል ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር አይተናል። ዘንገና በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛች፣ ክብ ለመሆን ጥቂት የቀራት፣ 166 ሜትር ያህል የምትጠልቅ ሐይቅ ናት። ሻላ ግን 266 ሜትር ይደርሳል። ሁለተኛ መሆን የሚያሳፍር ይመስል ይህን ሲሰሙ የተቆጡ ልጆች አሉ! የአገር ፍቅር በመቶ ሜትር የሚቀነስ ከሆነ መጀመሪያም አልነበረም።

አሁን ወደ ፈረሶቹ እንምጣ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም ነው፤ ይኸውም ፋሺስት ገና ከአገር ሳይወጣ ማለት ነው። የመታሰቢያው ምክንያት በዓድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ፈረስ የዋለው ውለታ ነው። ዛሬ አባላቱ ከስድሳ ሺህ በላይ እንደ ሆኑ ይነገራል። ጥር 23 እንደ የካቲት 23 የጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን ልብ በሉ፤ የፈረሰኛው ሰማዕት ቀን ነው፤ ስለዚህ ማንም መዝገብ ሳይገልጥ ቀኑን አይስተውም። ሽማግሌውም ልጁም ፈረሱን ግላስ አልብሶ ይመጣል፤ ጉግስ አለ፤ ሽምጥ ግልቢያ አለ። የዚህ አገር ፈረስ የሰልፍ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያደርሳል፣ ለቅሶ ይደርሳል።

በዚህ በዓል ዜናና ታሪክ እንዴት በአንድ ላይ እንደሚሄዱ እናያለን። ዜናው በየዓመቱ አንድ ነው፤ በዩኔስኮ ይመዝገብልን፣ ጐብኚ ይምጣልን፣ ባለ ሥልጣን ንግግር አደረገ። መመዝገቡን አንቃወምም። ነገር ግን በዓሉን እስካሁን ያቆየው መዝገብ አይደለም። ያቆየው የግጦሽ መሬትና ልጁን ፈረስ የሚያስተምር አባት ነው። የግጦሹ መሬት እየታረሰ ሲያልቅ በዜና አይነገርም፤ እኛ ግን ከንግግሩ ይልቅ ይህን ብንሰማ እንወድ ነበር።

መንግሥት የሰጠውን ቀን መንግሥት ይነሣዋል። ጥቅምት 23 የዘውድ በዓል ነበረ፤ ቀረ። መስከረም 2 የአብዮት በዓል ነበረ፤ ቀረ። ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም አዲስ አበባ የገቡበት ቀን በመሆኑ ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 ወሰደው፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ጥር 23ን ግን የሰጡት ገበሬዎች ናቸው። እኛ ወግ አጥባቂ ከተባልን የምንጠብቀው እንዲህ ያለውን ነው።

«ታሪክ ጠብ ያመጣል» ላላችሁን መልሳችን ይህ ነው። ጠብ ሲነሣ የሰማነው ቀንና ስም በሌለው ታሪክ ነው፤ «የእናንተ አባቶች የእኛን አባቶች እንዲህ አደረጉ» በሚለው። መቼ? የት? ማን? ተብሎ ሲጠየቅ ከተናጋሪዎቹ ግማሹ ዝም ይላል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም በክልሉ አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ የስልክ ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እገሌ ሞተ፣ አልሞተም ሲባል መክረማችንን ማን ይረሳል? ያን ጊዜ ቀንና ስም ያለው አንድ መስመር ምን ያህል እንደ ተናፈቀ የቤተ ሰቡን ድምፅ ሳይሰማ የከረመ ተማሪ ይንገራችሁ።

ደግሞም የተማሪን ኩራት የሚቀንስ ታሪክ አለ፤ እርሱንም እናትማለን። በየካቲት 1957 ዓ.ም ተማሪው «መሬት ለአራሹ» እያለ በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም፣ የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ጠመንጃ አነሣ፤ አውሮፕላንም ተላከበት፤ በመጨረሻ ግን ግብሩ ቀረለት። ተማሪው ስለ ገበሬው ሲናገር ገበሬው የሚፈራውን ጠይቆት ነበርን? ዛሬም ስለ አርሶ አደሩ መግለጫ ለማውጣት የምንቸኩል ሰዎች ይህን ዓምድ በግድግዳ ላይ ብንለጥፈው አይጎዳንም።

ስለዚህ ዓምዱ ይቀጥል ብለን ለሥራ አስፈጻሚው ጽፈናል። ቀኑ በእኛ አቈጣጠር ይጻፍ፤ የፈረንጁ ሲያስፈልግ ከአጠገቡ ይግባ። ማን እንዳደረገውና የት እንደ ሆነ ያልታወቀ ነገር አይውጣ። ቀለም ለመቈጠብ ከተፈለገ የስፖርቱን ርእስ ማሳነስ ይቻላል፤ የኳስ ቡድናችን ዘንድሮ ትልቅ ርእስ የሚያሻው አልሆነም።

ለጥር 23 በሚወጣው ቍጥር የፈረስ ስሞችን ማተም እንፈልጋለን። የምኒልክን «አባ ዳኘው»፣ የአሉላን «አባ ነጋ»፣ የባልቻን «አባ ነፍሶ» ሁሉም ያውቃል። የአያቱን ወይም የቅድመ አያቱን ፈረስ ስም የሚያውቅ ተማሪ ስሙን፣ ቀበሌውንና የነገረውን ሰው በአንድ ወረቀት ጽፎ እስከ ጥር 10 ቀን ድረስ ለአዘጋጁ ይስጥ። በአገውኛ የተጻፈም እንቀበላለን።