የሙቀት ጌጁ ሲዋሽ

ከመገናኛ በኮተቤ አድርጎ ወደ ካራ፣ ወይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚነዳ ሰው ዳገትን ያውቃል። መኪናው ያረጀ ከሆነ ደግሞ አንድ ዓይኑ የሙቀት ጌጁ ላይ ነው። ጌጁ ራሱ ሲበላሽስ? ያልሞቀውን ሞተር ሞቀ ብሎ ካስደነገጠ ጉዳቱ ጊዜና ትንሽ ገንዘብ ነው። የሞቀውን አልሞቀም ብሎ ካታለለ ግን ጓርኒሲዮን ያቃጥላል፣ ቴስታታ ያጣምማል፣ ሞተር እስከ ማስወረድ ይደርሳል።

ከፍታችን ነገሩን ያከብደዋል። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ አናት ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ጤነኛ ሞተርም የሚሠራው በዚሁ ሙቀት አካባቢ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚፈጥረው ግፊት ነው። ስለዚህ ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ሜዳ ላይ ቢታገሥ ዳገት ላይ ያጋልጣል።

ምርመራውን ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይጀምሩ። መጀመሪያ የራዲያተሩን ውሃ ይዩ። ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ ባዶ ላይ ከቀረ፣ ሞተሩ እየነደደም ቀስቱ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ያኔ ጥፋቱ የጌጁ ሳይሆን የውሃው ነው፤ የት እንደሚያፈስ ይፈለግ።

ውሃው ሙሉ ከሆነ ሞተሩን ያስነሱና እስኪሞቅ ይጠብቁ፤ ከዚያ የውስጥ ማሞቂያውን ይክፈቱ። ቀስቱ ከታች ሳይነሳ ትኩስ አየር ከመጣ የሚጠረጠረው ጌጁ፣ ሽቦው ወይም ሴንሰሩ ነው። አየሩም ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል፣ አለዚያም ቀደም ሲል አንዱ መካኒክ ነቅሎ ጥሎታል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም፤ በብርዳማው የእንጦጦ ጠዋት ነዳጅ ይበላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ቀጣዩ ሙከራ ሴንሰራቸው ባለ አንድ ሽቦ ለሆኑ አሮጌ መኪኖች ነው። ባለ ብዙ ሽቦና ባለ ኮምፒውተር መኪና ላይ አይሞከርም። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱና ሽቦውን ከሴንሰሩ ይንቀሉ። ቀስቱ ከታች መሆን አለበት። ከዚያ የሽቦውን ጫፍ ለአንድ አፍታ ብቻ ንጹሕ የሞተር ብረት ያስነኩ። ቀስቱ ወደ ላይ ከተነሳ ጌጁና ሽቦው ደኅና ናቸው፤ የሚቀየረው ሴንሰሩ ነው። ካልተነሳ ፊውዙ፣ ሽቦው ወይም ጌጁ ይታይ። ቀስቱ ሁልጊዜ ከላይ ተሰቅሎ ሽቦው ሲነቀል ከወረደ ሴንሰሩ ተበላሽቷል፤ ሳይወርድ ከቀረ ሽቦው አንድ ቦታ ተልጦ ብረት ነክቷል።

ሁለት ነገር እንጨምር። የነዳጅ ጌጁም አብሮ ከተዛባ፣ በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ለሁለቱም ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ሬጉላተር ይጠረጠራል፤ ሁለት ጌጅ ከመግዛት እሱን ማስመርመር ይቀድማል። አዲስ ሴንሰር ሲገባም ጥርሱ ላይ ነጭ ፕላስቲክ አይጠቅለል። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር የሚሠራው ብረቱ ሞተሩን ሲነካ ነውና ጌጁ እንደገና ይዋሻል።

ጌጁ እስኪጠገን ድረስ ቤተሰብ አሳፍሮ ዳገት መውጣት ይቅር። መንገድ ላይ እንፋሎት ወይም የሚጣፍጥ የሚመስል ሽታ ከመጣ፣ ቀስቱ ምንም ቢል ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን ግን በትኩሱ እንዳይከፍቱ፤ በግፊት የሚወጣው ፍል ውሃ ፊትና እጅ ይልጣል። ልጆቹን ከመኪናው አርቀው፣ ራዲያተሩ በእጅ እስኪነካ ድረስ ይጠብቁ።