አዳነ ግርማ በሜሞሪ ካርድ ውስጥ

ባለፈው እሁድ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እኛ ሰፈር ያለች አንዲት ፕሌይስቴሽን ቤት ገባሁ። ዕድሜዬ ለዚያ ቤት ትንሽ አልፏል። ልጆቹም «ጋሼ፣ ወረፋ አለ» ብለው አስታወሱኝ። ጋሼ መባል ራሱ አንድ ጎል ነው፤ በራሴ ላይ የገባ።

ሁለት ልጆች ይጫወታሉ። አንዱ የምባፔን ፍጥነት በቁጥር ያውቀዋል። ሌላው የሃላንድን የአጨራረስ ነጥብ ይነግረዋል። እኔም ጣልቃ ገብቼ «ሀዋሳ ስንት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን እንደሆነች ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። አንዱ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «ዋንጫ በልታ ታውቃለች እንዴ?» አለኝ።

አዎ፣ በልታለች። ያውም ሁለቴ! በ1996 እና በ1999 ዓ.ም.። ያኔ ክለቡን «ሀዋሳ ከነማ» ነበር የምንለው።

በዚያ ዘመን እኛም ጌም ቤት ነበርን። «ዊኒንግ ኢለቨን» ነው የምንጫወተው። ብራዚላዊው አድሪያኖ ምቱ ከመጠን በላይ ስለነበረ ኢንተርን መያዝ በስምምነት ተከልክሏል። ሊቨርፑል ፈቃድ ስላልተገኘለት ስሙ «መርሲሳይድ ሬድ» ነበር፤ እኔማ ለብዙ ጊዜ ሌላ ክለብ ይመስለኝ ነበር። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እየመራ የነበረው «አሸንፌያለሁ» ይላል፣ የተመራው «እንደገና» ይላል፤ ጠቡ ያኔ ይጀመራል።

አንድ ቀን ግን የተጫዋች ስም መቀየር እንደሚቻል ደረስንበት። በቃ! አንዱን የማይታወቅ ቡድን ወስደን ሀዋሳ አደረግነው። ከተማችን ያሳደገችውን አዳነ ግርማን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈን አጥቂ አደረግነው። ፍጥነቱ ስንት ይሁን? ምቱስ? ግማሽ ቀን ተከራከርን። ስታዲየም ገብቶ ያየ ልጅ ድምፁ ይሰማል፤ ያላየ ዝም ይላል። በኋላ አንዱ ሜሞሪ ካርዱ ላይ የራሱን ጨዋታ ሲያስቀምጥ ቡድናችን ድራሹ ጠፋ።

ከዓመታት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩይት ላይ ከዛምቢያ ጋር ተጫወተች። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ አንድ ጎልም ገባብን። በ10 ሰው ሆነን አቻ ያደረገን ማን ነው? አዳነ ግርማ! ኢትዮጵያ በዚያ ውድድር ያስቆጠረችው ብቸኛ ጎል እሱ ነው። እኔ ከወንበሬ ዘልዬ «ምቱን ልክ ነው የሰጠነው!» እያልኩ ስጮህ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ምን እንደምል አልገባቸውም።

ታዲያ የእኛ ሊግ ለምን ጌም ውስጥ የለም? ጌም ውስጥ የሚገባው በውል ነው። ስምም በውል ነው። ኢኤ ከፊፋ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ሁላችንም «ፊፋ» የምንለው ጌም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ሆኗል። ከውሉ ሌላ መረጃ ያስፈልጋል፤ ማን የት ቦታ ይጫወታል፣ በየትኛው እግሩ ይመታል፣ ምን ያህል ይሮጣል የሚለውን ዓይቶ የሚመዘግብ ሰው። የደቡብ አፍሪካዎቹ ካይዘር ቺፍስ እና ኦርላንዶ ፓይሬትስ ለዓመታት በፊፋ ጌም ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ አፍሪካዊ መሆን አይደለም ችግሩ።

የዛሬዎቹ ሐይቆች በዚህ በኩል ይሻላሉ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጋችን በሱፐርስፖርት ስለታየ ቢያንስ ምስላቸው ተቀርጿል። የ1996ቱንና የ1999ኙን ቡድን ግን ስልኬ ላይ ስፈልግ ያገኘሁት ጥቂት የደበዘዘ ፎቶ ነው። የቀረው ያለው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። የሰው ጭንቅላት ደግሞ እንደ ሜሞሪ ካርዳችን ነው፤ ሌላ ነገር ሲገባበት የድሮው ይጠፋል።

ስለዚህ ስልክ የያዛችሁ ልጆች አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ከአባታችሁ፣ ከአጎታችሁ ወይም ከሰፈሩ ባጃጅ ሹፌር ጋር ተቀመጡና የዚያን ቡድን 11 ስም አስቆጥሯቸው። ድምፁን ቅረጹ። ሁለት ሰው ካልተስማማ እሰየው፣ ሦስተኛ ሰው ጠይቁ። ኢኤ እስኪመጣ አትጠብቁ።

ያ ልጅ በመጨረሻ ጆይስቲኩን አስቀምጦ «ጋሼ፣ የአዳነ ፍጥነት ስንት ነበር?» አለኝ። «95» አልኩት። ትንሽ ጨምሬበት ይሆናል። ግን ማን ያጣራኛል? ችግሩም ይኸው ነው።